ኪሎ ብቻውን ሞገድ አይሰራም

ሪያል ማድሪድ እ.ኤ.አ በ2003 ክረምት ዴቪድ ቤካምን ገዝቶ ክሎድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሲሸጥ ብዙ ደጋፊ አጨብጭቧል። ዚዳን፣ ፊጎ፣ ሮናልዶና ራውል ባሉበት ላይ ቤካም ሲጨመር ማን ይችለዋል ተባለ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ማድሪድ በቀጣዮቹ ሶስት የውድድር ዘመናት ላሊጋውንም ሻምፒየንስ ሊጉንም ሳያነሳ ቀረ። ፊት ላይ ኮከብ ሲከመር መሀሉ ባዶ ቀርቶ ነበር።

ከኳስ ሜዳ ርቆ ሐይቅ ላይ የሚካሄድ አንድ ስፖርትም ዛሬ በዚሁ በሽታ ተይዟል። ዌክቦርዲንግ ይባላል። በተለይ በአሜሪካ ሐይቆች ላይ "ጨምር፣ አሁንም ጨምር" የሚሉ የጀልባ ባለቤቶች በዝተዋል። የሚጨምሩት ኮከብ ሳይሆን ኪሎ ነው። ውጤቱ ግን ከማድሪዱ ብዙም አይለይም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የዌክቦርድ ተጫዋች ሁለት እግሩን አንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ ሞተር ጀልባ በገመድ ይጎትተዋል። ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሜትር ይረዝማል። ጀልባዋ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ትበራለች። ስትሄድ ከኋላዋ ግራና ቀኝ እንደ ተከፈተ መቀስ ሁለት ሞገድ ትተዋለች። ተጫዋቹ በአንዱ ሞገድ ተንደርድሮ ይነሳል፣ አየር ላይ ይገለበጣል፣ ከዚያም በሌላኛው ሞገድ ቁልቁለት ላይ ያርፋል። ሞገዱ መንደርደሪያውም ማረፊያውም ነው። ሞገዱ ከተበላሸ ተጫዋቹ የቱንም ያህል ቢጎብዝ ጎርባጣ ሜዳ ላይ እንደ ገባ ቴክኒሻን መሆኑ ነው።

ሞገዱን የሚያሳድገው ክብደት ነው። ጀልባ በከበደች ቁጥር ውሃው ውስጥ ዝቅ ትላለች፣ ብዙ ውሃም ትገፋለች። በስፖርቱ ጅማሬ ተጫዋቾቹ የአሸዋ ከረጢት፣ ውሃ የሞላ በርሜል፣ ሲጠፋም ወፍራም ጓደኛቸውን ይጭኑ ነበር። በኋላ በፓምፕ የሚሞላ የውሃ ከረጢት መጣ። ቀጥሎም ታንከሩ ከጀልባዋ ወለል ስር ተገጥሞ ይሸጥ ጀመር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 400 ሊትር ሲሞላ 400 ኪሎ ተጫነ ማለት ነው። ዛሬ ከ1000 ኪሎ በላይ ውሃ የሚይዙ ጀልባዎች አሉ።

እዚህ ድረስ ማንም አይጣላም። ፓርክስ ቦኒፌይ እ.ኤ.አ በ1999 አየር ላይ ሶስት ሙሉ ዙር ሲዞር የስፖርቱ አለም አፉን ይዟል። እንዲህ ያለ ነገር በደካማ ሞገድ አይሞከርም። ጥያቄው ኪሎው የት ይቀመጥ ነው።

አይሱዙ የሚነዳ ሹፌር ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ከሆነ አፍንጫው ይነሳል፣ መሪው ይቀልለዋል። ጀልባም እንደዚያው ናት። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲበዛ ሞገዱ ይቆማል፣ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ተጫዋቹን ሽቅብ ይወረውረዋል፣ ጫፉ ግን ቶሎ አረፋ ይሆናል። ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ ሞገዱ ይረዝማል፣ እየቀስ የሚወጣ ዳገት ይሆናል። ጀማሪ የሚወደው ይሄኛውን ነው። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ደግሞ አንዱ ሞገድ ጥርት ሲል ሌላው አረፋ ብቻ ይሆናል። አንድ 70 ኪሎ ሰው ከግራ ወንበር ተነስቶ ወደ ቀኝ ሲቀመጥ እንኳ ልዩነቱ ይታያል።

ስለዚህ ብልህ ነጂ መጀመሪያ ሰዎቹን ያመጣጥናል። ቀጥሎ ትንሽ ውሃ ይሞላና ወደ ኋላ ዞሮ ሞገዱን ያያል። አረፋ ከበዛ ፍጥነቱን በትንሹ ይጨምራል ወይም ክብደቱን ያዛውራል፣ ገመዱንም ከፍጥነቱ ጋር ያስማማል። ሌላ ኪሎ የሚጨምረው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ። ታንከሩን ጢም አድርገው ሞልተው፣ ከረጢት ደርበው፣ ሞገዱ ሲበላሽ "አነሰ" ብለው ሌላ ይጭናሉ። አምራቹ ጀልባዋ ላይ የለጠፈውን የጭነት ልክ የሚያነብ የለም። አፍንጫዋ የከበደባት ጀልባ በድንገት ስትቆም የራሷ ሞገድ ተመልሶ በፊቷ በኩል ሊገባባት እንደሚችል የሚያስብም ጥቂት ነው።

የሚብሰው ግን ከጀልባዋ ውጪ ያለው ጣጣ ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2022 ባወጡት ጥናት፣ ክብደት ጭነው ለሰርፊንግ የሚነዱ ጀልባዎች ሞገድ የተለመዱት ጀልባዎች 60 ሜትር ላይ ወደሚኖራቸው የሞገድ ከፍታ እስኪወርድ ከ150 ሜትር በላይ እንደሚፈልግ አሳይተዋል። ሞገዱ ባለቤት አለው፤ ዳርቻውን ሲሸረሽርና የቆመች ታንኳ ሲያላጋ ግን ባለቤቱ ርቆ ሄዷል። ታንከር ውስጥ የሚቀረው ውሃም ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላው መጤ ፍጥረታትን ሊያዛምት ይችላል።

ታዲያ የሐይቅ ዳር ነዋሪ ዝም አላለም። የአሜሪካዋ ቬርሞንት ግዛት እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣችው ህግ እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ሞገድ መስራት የሚችሉት ከዳር ቢያንስ 150 ሜትር ርቀው፣ ጥልቀቱም 6 ሜትር በሆነበት ብቻ ነው። በዚህ መስፈርት የተነሳ በርካታ ትንንሽ ሐይቆች ከጨዋታ ውጪ ሆነዋል። ህጉ ደግሞ ሰርፈሩንና ዌክቦርደሩን አልለየም። ታንከሩን በልኩ ሞልቶ የሚጫወተውም ጢም አድርጎ ከሚሞላው ጋር አብሮ ቀይ ካርድ አየ።

ይህ ስፖርት የኦሊምፒክን በር አንዴ አንኳኩቷል። እ.ኤ.አ በ2011 ለ2020 ጨዋታዎች ከታጩት ስምንት ስፖርቶች አንዱ ዌክቦርድ ነበር፤ በ2013 ከእጩነት ወደቀ። ልብ ያለው ይህን ልብ ይበል፤ ያኔ የታጨው በጀልባ የሚጎተተው ሳይሆን ሞተር በሚያዞረው የኬብል ገመድ የሚጎተተው ነው። ጀልባ የለም፣ ታንከር የለም፣ የጀልባ ሞገድም የለም።

የጀልባው ወገን ሐይቁን በገዛ እጁ እያዘጋ ከቀጠለ ሌላው ስፖርት ያለ እሱ መኖር ይችላል። ነጂ ሆይ፣ ሌላ 100 ሊትር ከመሙላትህ በፊት ከኋላ የተኮለኮሉትን ሁለት ጓደኞችህን ወደ ፊት አዛውር። ነጻ ነው፣ ማንም አይከስህም፣ ሞገዱም ያምራል።