ስለ ብስክሌት ሰንሰለትና ካሴት አለዋወጥ

ብስክሌት ሲገዛ መልኩና ቀለሙ በብዙ ጥንቃቄ ይመረጣል። ሰንሰለቱ ሲያረጅ ግን ከሱቅ የተገኘው ሁሉ ሳይመረመር ይገጠምበታል። ከዚህም የተነሣ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል፤ ከገንዘቡም የሚብሰው፥ ነጂው ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነሥቶ ፔዳሉን በኀይል ሲረግጥ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ሾልኮ ሊጥለው መቻሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ የውድድር ብስክሌት ሰንሰለትና ካሴት እንዴት እንደሚመረጥ እንገልጻለን። ካሴት የምንለው በኋላው መንኮራኩር ላይ የተደረደሩትን ጥርሳም ክቦች ነው።

አስቀድሞ ሰንሰለት የሚያረጅበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ብረቱ ተለጠጠ ይላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የመንገድ አቧራ ከዘይት ጋራ ተደባልቆ እንደ ሞረድ ሆኖ ፒኖቹንና ፒኖቹ የገቡበትን ቀዳዳ ይበላቸዋል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በጥቂቱ ሲላላ ሰንሰለቱ በጠቅላላው ይረዝማል። የረዘመውም ሰንሰለት ከካሴቱ ጋራ ስለማይስማማ ጥርሱን እየፋቀ ያበላሸዋል።

መለኪያው ቀላል ነው። አዲስ ሰንሰለት ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊሜትር ነው። ሰንሰለቱን ወጠር አድርጎ፥ የማስመሪያውን ዜሮ በአንዱ ፒን መካከል ላይ አኑሮ፥ ከእርሱ ቀጥሎ እስካለው 24ኛ ፒን መካከል ድረስ መለካት ነው። አዲስ የሆነ እንደ ሆነ 304.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ባለ 11 ወይም ባለ 12 ክብ ካሴት ያለው ብስክሌት 306.3 ሲደርስ፥ ባለ 10 ወይም ከዚያ በታች ያለው 307 ሲደርስ ሰንሰለቱ ይለወጥ። በዚህ ጊዜ የተለወጠ እንደ ሆነ ካሴቱ ይተርፋል፤ አንድ ካሴትም ሁለትና ሦስት ሰንሰለት ሊያሳልፍ ይችላል። እስከ 308 ድረስ ከዘገየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱም ተበልቷል። በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ቢገጠም ይሾልካልና፥ ሁለቱን አብሮ መግዛት ግድ ይሆናል።

ሲገዛ ደግሞ አራት ነገር ይታይ። መጀመሪያ የክቦቹ ቍጥር ነው። የባለ 8 ሰንሰለት ወርዱ 7.1 ሚሊሜትር፥ የባለ 11 ግን 5.5 ያህል ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ፈንታ አይገባም። ሁለተኛ ካሴቱ የሚሰካበት የመንኮራኩሩ እምብርት ነው። የጃፓኑ ሺማኖና የኢጣልያው ካምፓኞሎ የየራሳቸው ቅርጽ አላቸውና የአንዱ ካሴት በሌላው እምብርት ላይ አይሰካም። ሦስተኛ የጥርሱ ብዛት ነው። ከፊት 34 ጥርስ ያለው ክብ ሲኖር፥ ከኋላ 28 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል፤ ከኋላ 34 ቢሆን ግን 2 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። መንገዱ ሲያጥር ለእግር ይቀላልና፥ እንጦጦን ለሚወጣ ሰው ሁለተኛው ይሻላል። ነገር ግን ካምቢዮ የሚባለው ሰንሰለት ማሻገሪያ የሚችለውን ልክ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለምሳሌ ሺማኖ 105 አር 7000 በሚባለው ዓይነት አጭሩ ካምቢዮ እስከ 30 ጥርስ፥ ረጅሙ እስከ 34 ይችላል።

አራተኛ የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። አሮጌው በመበላት ረዝሟልና አዲሱን ከጎኑ አስተኝቶ በእርሱ ልክ መቍረጥ ያሳስታል፤ የሚበጀው ቀለበቱን ቈጥሮ ማስተካከል ነው። ከፊተኛው የሚበልጥ ካሴት ከተመረጠ ግን ሰንሰለቱም ሊጨመርለት ይገባል፤ ያጠረ ሰንሰለት ካምቢዮውን ይሰብራልና።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባት በየወሩ ማስመሪያውን ለልጁ ሰጥቶ ሰንሰለቱን ቢያስለካው፥ ገንዘቡንም የልጁንም አካል ይጠብቃል፤ ልጁም ዕቃን ከመበላሸቱ በፊት መመርመርን ይለምዳል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።