ጨርቅ የሚጣልበት እቁብ

በአሜሪካ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው የአልጋ ልብስ የሚሠሩ ሰፊዎች እቁብ መሰል ልማድ አላቸው። በኢንተርኔት የተዋወቁ፣ ለምሳሌ 12 አባላት፣ በየወሩ ለባለ ተራዋ አንድ አንድ ቁራጭ ሰፍተው በፖስታ ይልካሉ፤ እሷም የራሷን ትጨምራለች። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም 12 ቁራጭ ይደርሳቸዋል። ገንዘብ የለም፤ ዋስም የለም።

በእቁብ ቀድሞ የደረሰው በልቶ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል። እዚህ ግን ዋናው ጉዳይ ልክ ነው። ቁራጩ ብዙ ጊዜ 12 ኢንች ተኩል ሆኖ መድረስ አለበት፤ በየጎኑ ሩብ ኢንች ስፌት ሲገባበት 12 ይቀራል። ሩብ ኢንች ከጎደለ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም፤ የሰፋችው ቅን ብትሆንም ሥራው ተፈትቶ ይደገማል። ስለዚህ ልኩ አስቀድሞ ተጽፎ ይታደላል።

የእኛ ትናንሽ ልብስ ሰፊዎች ትልቅ ትእዛዝ ሊካፈሉ ሲያስቡ የሚያስቀድሙት «ሰውየው ይታመናል ወይ?» የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ግማሽ ነው። የታመነውም ሰው በራሱ ልክ ከቆረጠ ዕቃው ተመላሽ ይሆናል፤ ኪሳራውም የጋራ ነው። ዋስ ገንዘብ ያስመልሳል እንጂ የጠበበ እጅጌ አያሰፋም። በመሆኑም መቀስ ከመነሳቱ በፊት ልኩና ናሙናው ይፈረምበት እንላለን።