ሁለት ቤት፤ ሁለት ጎረቤት

በሁለት ከተማ ቤት ያለው ሰው በሕዝብ ዓይን የታደለ ነው። ከፊሉን ዓመት በደጋ፥ ከፊሉን በባሕር ዳር የሚኖር ነጋዴ፥ ወይም ቤተ ሰቡን በአንድ ከተማ አኑሮ በሌላው ከተማ በሹመት የሚያገለግል ሹም፥ ኑሮ የተሟላለት ሆኖ ይታያል። ዳሩ ግን ቤት ማለት ግንብና ጣራ ብቻ ስላልሆነ፥ አንድ ሰው ሁለት ቤት አለው ከመባሉ በፊት በሁለቱም ስፍራ ጎረቤት እንዳለው መጠየቅ ይገባል። የዚህ ዓይነቱ ኑሮ ጥቅምና ጉዳት የሚለየው በዚህ ጥያቄ ነው እንጂ በአጥሩ ቁመት ወይም በበሩ ስፋት አይደለም።

ከፍሎ መኖር በቀይ ባሕር ጠረፍ አዲስ ነገር አይደለም። ምጽዋ ከባሕሩ ጋር እኩል የተቀመጠች ስትሆን፥ አሥመራ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በመካከላቸው ያለው የመኪና መንገድ ግን 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የምጽዋ የቀን ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፥ የአሥመራ ሰው ደርቦ ለብሶ ዝናብ ይጠብቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ ተራው ይለወጥና ደጋው ሲበርድ ጠረፉ ለኑሮ ይመቻል። ኢጣልያኖች በ19ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ የቅኝ ግዛታቸውን መቀመጫ ከምጽዋ ወደ አሥመራ ካዛወሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ሙቀት ነበረ። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. አሥመራ ከደረሰ በኋላ እንደ ወቅቱ መውጣትና መውረድ ይበልጥ ቀለለ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችበት ዘመን፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1962 ዓ.ም.፥ በምጽዋ ያለው የቀድሞ ቤተ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ የበጋ ማረፊያ ሆኖ አገልግሏል።

ይሁን እንጂ የዚህ ኑሮ እውነተኛ መምህራን ሹማምንትና ነገሥታት አይደሉም፤ ገበሬውና ከብት አርቢው ናቸው። በደጋው ክረምት ሲያበቃ፥ ባሕሪ በሚባለው በምሥራቁ ተዳፋት ላይ የበጋው ዝናብ ይጀምራል። ስለዚህ የሐማሴንና የአከለ ጉዛይ ገበሬ መኸሩን ከሰበሰበ በኋላ በሬውን ነድቶ ወደ ባሕሪ ይወርድና ሁለተኛውን እርሻ ያርሳል፤ የጠረፉም አርቢ በበኩሉ በረሓው ሲግል መንጋውን ይዞ ወደ ደጋ ይወጣል። በዓመት ሁለት ክረምት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ሰው ሁለተኛው ስፍራ የመዝናኛ ስፍራ ሳይሆን የሥራው ስፍራ ነው። መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ በሁለቱም በኩል ያሉት ሰዎች ያውቃሉ። የማሣው ድንበር፥ የግጦሹና የውኃው ተራ ከሌሎች ጋር በመስማማት የሚገኝ ስለሆነ፥ ከሰው ተሰውሮ መኖር አይችልም።

በጅቡቲም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ብርቱ ሙቀት በሚሆንበት ወራት አቅም ያለው ሰው ወደ አርታ ኮረብታ ወይም በ1200 ሜትር ከፍታ ገደማ ወደምትገኘው ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ፥ በሁለቱ ከተሞች መካከል ከሸቀጡ ጋር ዝምድናም ሲመላለስ ኖሯል። በአንዱ ከተማ ሱቅ፥ በሌላው ቤተ ሰብ ያለው ነጋዴ በዚያ መስመር እንግዳ አይባልም፤ በሠርጉም በለቅሶውም በሁለቱም ወገን ይጠበቃልና።

እንግዲህ ክፉው ነገር ሁለት ቤት መኖሩ ሳይሆን የተቆለፈ ቤት መኖሩ ነው። በዓመት ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚከፈት፥ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከዘበኛው በቀር የሚያውቅ የሌለው፥ ከመስኮቱ መብራት የማይታይበት ቤት ለከተማው ሸክም ነው። በፊቱ መንገድ ተጠርጎለታል፤ የውኃና የመብራት መስመር ተዘርግቶለታል፤ ማዘጋጃ ቤትም ከነዋሪዎች ቤት ለይቶ አይቆጥረውም። ለገበያው፥ ለትምህርት ቤቱና ለእድሩ ግን የሚያበረክተው ነገር የለም። እንዲህ ያሉ ቤቶች በአንድ መንገድ ላይ ሲበዙ ባለ ሱቁ ገዢ ያጣል፤ ጎረቤቱ በጭንቅ ጊዜ የሚጠራው ሰው አያገኝም፤ ደመወዙ ትንሽ የሆነው መምህርና የወደብ ሠራተኛ ደግሞ ባዶ ቤቶችን እያየ የሚከራየው ክፍል ፍለጋ ይንከራተታል።

ጉዳቱ ለራሱ ለባለቤቱም ነው። የምጽዋ የጥንት ቤቶች ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የተሠሩ፥ ሰገነታቸውም በእንጨት ሥራ ያጌጠ ነው። እነዚህ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. የደረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥና በ1990 ዓ.ም. የሆነውን ጦርነት አይተዋል፤ ያ የበጋ ማረፊያ የነበረው ቤተ መንግሥት እንኳ በጦርነቱ ክፉኛ ተጎድቷል። ከመንቀጥቀጥና ከጥይት የተረፈውን ቤት ግን ጨውና እርጥበት በዝምታ ይበሉታል። በባሕር ዳር ነፋስ ያልገባበት ክፍል ይሻግታል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ልስኑ ይረግፋል። ሰው የሚኖርበት ቤት በየቀኑ ሳይታወቅ ይጠገናል፤ የተዘጋው ቤት ግን ባለቤቱ ሲመለስ የሚጠብቀው ከዕዳ ጋር ነው።

ትርፍ ቤት የሚለው ቃል ከነታሪኩ መታወስ አለበት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት፥ የኢትዮጵያ ወታደራዊ መንግሥት የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። በዚያን ጊዜ አዋጁ በአሥመራና በምጽዋም ጸንቶ ነበር። ሠርቶና ቆጥቦ ሁለተኛ ቤት ያቆመውም፥ የከተማን ቦታ ጠቅልሎ የያዘውም በአንድ ስም ተጠሩ። እንዲህ ያለው ውርስ ለብዙ ቤተ ሰብ ኀዘን ሆኖ እንደ ቀረ ይታወቃል፤ የሚመኘውም ሰው ሊኖር አይገባም። ነገር ግን ባለንብረት የሆነ ሁሉ ከዚህ ሊማር የሚገባው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ቤት የሌለው ሕዝብ በተቆለፈ በር ፊት ሲመላለስ ቢኖር፥ የባለቤቱን መብት በብርቱ የሚከራከርለት ሰው እንደማያገኝ ነው።

ይህ ጉዳይ ሹሞችን በተለይ ይመለከታል። ቤተ ሰቡ በሌላ ከተማ የሚኖር ሹም ልቡ ከሁለት ቢከፈል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዓርብ ከቀትር በኋላ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሰኞ ረፋድ ላይ ቢመለስ፥ የመንገዱን ኪራይ የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን ከገጠር መጥቶ ደጅ የሚጠናው ባለጉዳይ ነው። በሚያስተዳድረው ከተማ የማያድር ሹም የውኃው ቧንቧ በሌሊት መቋረጡን በጽሑፍ ካልተነገረው አያውቅም፤ በጽሑፍ የተነገረውም እስኪመረመር ድረስ መዝገብ ቤት ይተኛል።

ነጋዴውም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ዕቃውን በአንድ ከተማ እየሸጠ ገንዘቡን ሁሉ በሌላ ከተማ የሚያጠፋ ነጋዴ፥ ከደንበኞቹ ጋር ያለው ግንኙነት በሚዛንና በደረሰኝ ብቻ የታጠረ ይሆናል። ገበያ በደከመበት ዓመት ግን የሚያቆመው ሚዛኑ ሳይሆን እምነቱ ነው። ዱቤ የሚሰጡትም ሆነ ዱቤ የሚቀበሉት ሰዎች በቀብርና በክርስትና፥ በዒድና በፋሲካ ያገኙትን ሰው አይረሱም።

አንዳንድ ሰዎች፥ ሁለተኛው ቤት ለግንበኛና ለዘበኛ እንጀራ ይሰጣል፤ በገዛ ገንዘቡም የሠራ ሰው የፈለገውን ቢያደርግ ማን ይጠይቀዋል ይላሉ። ግንበኛ መቀጠሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግንበኛው ሥራውን ሲጨርስ ይሄዳል፤ ዘበኛም የበር ጠባቂ እንጂ የባለቤቱ ምትክ ሊሆን አይችልም። መብቱም ቢሆን አይካድም። ሆኖም ቤቱ የግል ቢሆን መንገዱና ውኃው የጋራ ናቸው፤ የጋራውን የሚጠቀም ሰው ደግሞ የጋራውን ግዴታ ሊሸሽ አይገባውም።

ስለዚህ ነገሩን ለማቃናት የሚበቁት ሥራዎች ቀላል ናቸው። ባለሁለት ቤቱ ሰው በሁለቱም ሰፈር እድር ይግባ፤ እርሱ ባይኖር እንኳ መዋጮው አይቅር። በማይኖርበት ወራት ስለ ቤቱ መልስ የሚሰጥ ወኪል በስም ያስታውቅ፤ አንዱንም ቁልፍ ለታመነ ጎረቤት አደራ ይስጥ፤ እሳት ወይም ጎርፍ ቢነሣ አጥር ከመስበር ይሻላልና። ግማሹን ዓመት የማያስፈልገውን ቤት በውል ያከራይ፤ ካልሆነም ከዘመዱ ወይም ከተማሪ አንዱን ያኑርበት። ማዘጋጃ ቤትም በወቅት የሚከፈቱትን ቤቶች ለይቶ ቢመዘግብ ውኃውንና ጽዳቱን ለማደላደል ይረዳዋል። ሹም ግን በሥራ ቀን ከሹመቱ ከተማ አይለይ፤ የሚያርፍበት ሁለተኛ ቤት ለዕረፍት ቀኑ ይቆየው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው በአንድ ቤት ለሚኖር ብቻ አይደለም። በሁለት ስፍራ የሚኖር ሰው ዘወትር ከአንዱ ቤቱ ሩቅ ስለሆነ፥ የቅርብ ጎረቤት ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንደሚባለውም፥ የሚታወቅና የሚወደድ ሰው አጥር እርሱ ባይኖርም የሚጠብቀው አያጣም። በሁለት ከተማ ሁለት ቤት ያቆመ ሰው እንግዲህ በሁለቱም ጎረቤት ያብጅ፤ ይህን ካላደረገ ሁለት ንብረት አለው ሊባል ይችላል፤ ሁለት ቤት አለው ግን ሊባል አይችልም።