መስመሩ የገባው በማን ቤት ነው?

«ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ይገኛል፤ የሚጠፋው ፈላጊ ብቻ ነው» የሚል አነጋገር በክፍሎቻችን እየተለመደ ሄዷል። እኛ ግን መስመሩ የገባው በማን ቤት እንደሆነ እንጠይቃለን።

ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 17 ዓመት ከሆነው የዓለም ልጆች ከሦስቱ ሁለቱ፣ ይኸውም 1.3 ቢሊዮን ያህሉ፣ በቤታቸው ኢንተርኔት አልነበራቸውም። በሀብታም አገሮች ለትምህርት ከደረሱት ልጆች ከ10ሩ 9 ያህሉ ሲኖራቸው፣ በድኻ አገሮች ግን ያላቸው ከ20ው አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

በአገራችንም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ይኸው ልዩነት ገሀድ ወጣ። መስመር ያለው ቤት ልጅ በቴሌግራም ከመምህሩ ጋር ሲገናኝ፣ ሬዲዮ እንኳ የሌለው የባላገር ልጅ ከትምህርቱ ተቆርጦ ቀረ።

«ስልክ በየሰዉ እጅ አለ አይደለም ወይ?» የሚሉ አይጠፉም። ስልኩ ግን የአባት ነው፤ አባት ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ጥቅሉም በሜጋባይት ተቆጥሮ የሚገዛ ስለሆነ አንድ የቪዲዮ ትምህርት ይጨርሰዋል። በቤቱ ዋይፋይ ያለው ልጅ ሳይቆጥር ያነባል፤ ሌላው በየደቂቃው ቀሪ ሒሳቡን ያያል። ኢንተርኔት ቤት ሄዶ በሰዓት ይክፈል ቢባልም፣ የቤት ሥራዋን ስትጨርስ የመሸባት እኅታችን በምን ሰዓት ትሂድ?

«ዳቦና መብራት ይቅደም» ለሚሉም መልስ አለን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ፈተናው ወደዚያ ከሄደ መለማመጃው የጥቂቶች ቅንጦት ሆኖ ሊቀር አይገባም። በየምሽቱ ቤቱ ሲለማመድ ያደገውንና ኮምፒዩተር በፈተናው ሰሞን የነካውን በአንድ ሚዛን መዝኖ «ሰነፍ» ማለት ፍርድ አይደለም። ከኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በመንገድ መብራት ሥር ያጠኑ ነበር፤ ያ መብራት ግን የይለፍ ቃል አይጠይቅም ነበር።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ማታ በቤት መስመር ካልሆነ የማይሠራ ሥራ ሲሰጡ ይህን እንዲያስቡልን፣ ጽሑፉንም በወረቀት ወይም በፍላሽ እንዲያድሉን እንለምናለን። ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ክፍሎቻቸውን በክረምት ለአካባቢው ተማሪዎች ይክፈቱ። መንግሥትና የቴሌኮም ድርጅቶች ደግሞ መስመሩን ወደ ወረዳ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ያስቀድሙ፤ ለትምህርት ገጾችም ሒሳብ አይቁጠሩ።

እኛስ? በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአገልግሎት ዘመቻ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች መሄድ ጀምረው ነበር። በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ስንገባ እያንዳንዳችን ያወረድናቸውን የትምህርት መጻሕፍት በፍላሽ ይዘን ለሠፈራችን ትምህርት ቤት እናስረክብ። ይህ ችግሩን አይፈታውም፤ ሆኖም መስመሩ እስኪደርስ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ አይገባም።