ሰብለ ወንጌልን የሚጠብቁ ወንዶች

ጥሩ ሥራ አለው፤ ጠባዩም አይነቀፍም፤ ዕድሜው ሠላሳን አልፏል። ቤተሰብ «መቼ ነው የምንድርህ?» ሲለው «እንደ ሰብለ ወንጌል ያለች ስትገኝ» ብሎ ይስቃል። ቀልድ ይመስላል። ከሴት ጓደኞቹ የተለያየበትን ምክንያት ስትሰሙ ግን የምሩን መሆኑ ይገባችኋል። አንዷ ገና ሳይጋቡ ስለ ቤት ኪራይ አነሳችበት። ሌላዋ ሥራ ላይ እያለች ስልኩን አላነሳችም። ሦስተኛዋ «ለኔ ብላ ምንም አልተወችም» ተባለች።

ሴቶች በቱርክ ድራማ ተበላሹ ሲባል ቃና ቴሌቪዥን ከተከፈተበት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሰምተናል። የወንዶቹን ግን ማን አነሳው?

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ገልጦ ያላነበበው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። ብዙ ወንድ ከዚያ ሁሉ ታሪክ ይዞ የቀረው ውበቷንና ታማኝነቷን ብቻ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል አንድ ቀን እንኳ አብረው ጎጆ አልወጡም። በመጨረሻ ሲገናኙ እሱ በሞት አፋፍ ላይ ነበር። የወር አስቤዛ አልተከራከሩም፤ የታመመ ሕፃን ታቅፈው ሌሊቱን አላነጉም፤ አማትና ምራት በአንድ ማዕድ ቤት አልተጋፉም። ሰብለ ወንጌል ትዳር ውስጥ ምን ዓይነት ሴት ትሆን እንደነበር ሐዲስ ዓለማየሁም አልነገሩንም። ታዲያ በምን ሚስት ትለካባታለች?

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ሰብለ ወንጌል ያን ያህል ጊዜ ሳታገባ የቆየችው ለምን ነበር? ጠያቂ አጥታ አይደለም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የመጣውን ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ ስለመለሱ ነው። «ይቺ አትመጥነኝም፣ ያቺ ይጎድላታል» እያለ የሚመልሰው የዛሬው ወጣት ራሱን በዛብህ ያደርጋል፤ ሥራው ግን የፊታውራሪ ነው። በዛብህማ አንዲት ሴት ወደደ፤ ከነመዘዙ።

ጉዳቱ የእሱ ብቻ ቢሆን ባላነሳሁት። ሁለት ሦስት ዓመት አብራው የቆየችው ልጅ ምን እንደጎደላት ሳታውቅ ትቀራለች። ሰብለ ወንጌል አታረጅም፣ አይደክማት፣ ከሥራ ተናዳ አትመጣም። ከእሷ ጋር ተወዳድራ የምታሸንፍ በሕይወት ያለች ሴት የለችም። ልጅቷ ግን ጉድለቱን ከራሷ ትፈልጋለች፤ ፀጉሯን ትለውጣለች፣ ትከሳለች፣ ድምፅዋን ትቀንሳለች።

እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ «መቼ ነው የምንድርህ?» የሚለውን ለጊዜው ተዉትና «ያቺ ልጅ ምን አደረገችህ?» ብላችሁ ጠይቁት። በመልሱ ውስጥ ውሸት፣ ንቀት ወይም ክህደት ከሌለ፣ የልጅቷ ስልክ ቁጥር ገና ከስልኩ ላይ አልጠፋ ይሆናል።