ሳይቃጠል በቅጠል፤ ወታደሩን ለአደጋ ማን ይጠራዋል?

በአገራችን እሳት በተነሳ፣ ጎርፍ በመጣ፣ ተራራ በተናደ ቁጥር «መከላከያው የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሄሊኮፕተሩም፣ ጀልባውም፣ ዶዘሩም፣ በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀሰው ጉልበትም ያለው ከሠራዊቱ ዘንድ ነውና። ነገር ግን ወታደሩን ማን ይጠራዋል? ማን ያዘዋል? ሥራው ሲያልቅስ መቼ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል? የሚሉት ጥያቄዎችም አብረው ሊነሱ ይገባል እንላለን።

1998 ዓ.ም.ን እናስታውስ። በጥቅምት መጨረሻ የመንግሥት የፀጥታ ኃይሎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በሕዝብ ላይ ተኮሱ። ራሱ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 የተገደሉት ሲቪሎች 193 መሆናቸውን ገለጸ። በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ ድሬዳዋን ሌሊት ጎርፍ ወሰዳት፤ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ሳምንት ያህል ቆይቶ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ መንደሮችን ዋጠ። ውሃ የከበባቸውን ሰዎች በሄሊኮፕተርና በጀልባ ያወጡት የሠራዊቱ አባላት ነበሩ። አንድ መንግሥት፣ አንድ ዓመት። ሕዝቡ መለዮ ለባሹን በጥቅምት ሸሸው፣ በነሐሴ ጠበቀው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ይህን የምንጽፍባት ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ የምትገኝበት የጆርጂያ ግዛት ናሽናል ጋርድ የሚባል ጦር አለው። በተለመደው ጊዜ አዛዡ ሕዝብ የመረጠው የግዛቱ ገዥ ነው። በጃንዋሪ 2014 እ.ኤ.አ. ጥቂት በረዶ አትላንታን አንቆ ሲይዛት፣ ሰው መኪናው ውስጥ፣ ልጆችም ትምህርት ቤት ሲያድሩ፣ ገዥው ናታን ዲል ይህንኑ ጦር ጠሩ። በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠልም የካሊፎርኒያው ጦር በገዥው ጥሪ ደረሰ። በጁን ወር ግን ፕሬዚዳንቱ ያንኑ ጦር ገዥው እየተቃወሙ ከእጃቸው ወስደው ተቃውሞ ወደሚካሄድባቸው ጎዳናዎች ላኩት። ከተማው አልተለወጠም፣ ጦሩም አልተለወጠም። የተለወጠው ጠሪውና የተጠራበት ጉዳይ ነው።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 አደጋን መከላከልና ለተጎጂው በወቅቱ መድረስን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጓል። አንቀጽ 87 ደግሞ ሠራዊቱ ሉዓላዊነትን ከመጠበቅ ሌላ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚሰጡትን ተግባሮች እንደሚያከናውን ይደነግጋል። በአንቀጽ 93 መሠረት የተፈጥሮ አደጋም ለአዋጁ ምክንያት ይሆናል። ወገኖቻችን ግን «የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ» ሲባል ትዝ የሚላቸው እስር ነው እንጂ የእሳት አደጋ መኪና አይደለም። እምነቱ የጠፋው እዚህ ላይ ነው።

እምነቱ ቢኖርም እንኳ ወታደር ሁሉን አይተካም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። የተረፉት በአካፋና በእጃቸው ቆፈሩ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪኖችን አስቸገረ። መንገድ ለሌለው ገበያ ክፍለ ጦር ቢላክ ምን ይፈይዳል? የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚያድኑት በየሰፈሩ ያለ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ የውሃ መስመርና የሠለጠነ ነዋሪ ናቸው።

ስለዚህ የምንለው ግልጽ ነው። ከሁሉ በፊት ከተሞች የራሳቸው በቂ የእሳት አደጋ አገልግሎት ይኑራቸው። ሠራዊቱ የሚጠራው አደጋው ከአቅማቸው በላይ ሲሆን፣ በሲቪል ባለሥልጣን ጥያቄና በጽሑፍ በተወሰነ ጊዜ ይሁን። የሚመጣውም ለዚሁ የሠለጠነ መሐንዲስ፣ ሐኪምና አብራሪ ይሁን። ጄኔራል ረስል ኦኖሬ በ2005 እ.ኤ.አ. ከካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ በኒው ኦርሊንስ ወታደሮቻቸውን የጠመንጃችሁን አፈሙዝ ወደ መሬት አድርጉ ብለው አዘዋል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ጠላት አይደለምና።

የኢትዮጵያ ወታደር የገበሬና የደሃ ልጅ ነው፤ ወገኑን ከእሳትና ከጎርፍ ማውጣት ለእሱም ክብር ነው። ይህን ክብር በሕግ አጥሮ መስጠት የመንግሥት ፈንታ ነው። ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። ከሚቀጥለው ቃጠሎ በኋላ ቢሆን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።