ፎርትን የሚያፈርሰው ኪራይ ነው

ከሙምባይ ወደብ ጀርባ ያለው የንግድ ሰፈር እስከ ዛሬ «ፎርት» ይባላል፤ ምሽጉ ግን የለም። እንግሊዛዊው ገዥ ባርትል ፍሬር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ቅጥሩን አስፈረሰና በቦታው ዛሬ የምናያቸው የድንጋይ ሕንጻዎች ተነሡ። ስለ እነሱ ወሬ በተነሣ ቁጥር «የቅኝ ገዥ ቅርስ ለምን ይጠበቃል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ለእኛም ሩቅ ጥያቄ አይደለም፤ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋና መነሻው ይኸው ወደብ ነበር። ያም ሆኖ ፎርትን እያፈረሰ ያለው የታሪክ ቂም ነው ብዬ አላምንም። የሚያፈርሰው ኪራይ ነው።

የባለቤትነቱ ክርክር ገንዘቡን ማን አወጣ ብለን ስንጠይቅ ይረግባል። ከ1861 እስከ 1865 አሜሪካ እርስ በርሷ ስትዋጋ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጥጥ አጡ፤ የቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ነጋዴዎች የሕንድን ጥጥ እየሸጡላቸው ከበሩ። ፕሬምቻንድ ሮይቻንድ የተባለው ነጋዴ የቦምቤይ ዩኒቨርሲቲን የሰዓት ማማ አሠርቶ በእናቱ በራጃባይ ስም አስጠራው። ንድፉን የሠራው እንግሊዛዊው አርክቴክት ጊልበርት ስኮት ከተማዋን በዓይኑ እንኳ አላያትም። የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የተሠራው የፓርሲ ማኅበረሰብ አባል የሆኑት ካዋስጂ ጀሃንጊር በሰጡት ገንዘብ ነው። የቦታ ስምም ቢሆን ተለውጧል፤ ኤልፊንስተን ይባል የነበረው ክብ አደባባይ ዛሬ የሚጠራው በሆርኒማን ነው፤ ሆርኒማን ቅኝ አገዛዙን በብዕሩ ስለተቃወመ በ1919 ከሕንድ የተባረረ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። በ2018 ዩኔስኮ በዚህ አካባቢ ያሉ 94 ሕንጻዎችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ሕንድ ራሷ ጠይቃ ነው። የማን ናቸው የሚለው ተመልሷል። ማን ይጠግናቸው የሚለው ግን አልተመለሰም።

በ1947፣ ነጻነት በተገኘበት ዓመት፣ የወጣው የቦምቤይ የኪራይ ሕግ ኪራይን በ1940 በነበረበት ዋጋ አሰረው። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በሕንድ ለሁለት መከፈል ማግስት ቤት አጥቶ የሚንከራተተውን ሰው ከአከራይ ስግብግብነት ማዳን ነበረበት። ችግሩ ለዚያ ክፉ ቀን የተቀመጠው ዋጋ ለልጅ ልጅ መተላለፉ ነው። «ፓግዲ» የሚሉት ልማድም አብሮ ተስፋፋ፤ ተከራዩ ሲገባ ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንዴ ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚከፍለው ከቁጥር የማይገባ ነው። ለሌላ ሲያስተላልፍም ባለቤቱ ድርሻውን ይወስዳል። ለጣራ ጥገና ግን ከዚህ ገንዘብ ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም።

እንግዲህ ዝናቡ ይመጣል። ሙምባይ ከሰኔ እስከ መስከረም በዝናብ ትመታለች፤ በጋውን ደግሞ የባሕሩ ጨዋማ አየር ብረቱን ይበላል። ጣራው ሲያፈስ ባለቤቱ «በምን ገንዘብ?» ይላል፤ ተከራዩም «ቤቱ የኔ አይደለም» ይላል። ባዶ መሬቱ ከነሕንጻው ይልቅ ዋጋ ስለሚያወጣ ባለቤቱ መፍረሱን ቢጠብቅ አይከስርም። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ አንባቢ ይህን ስሌት ሳይነገረው ያውቀዋል።

የስሌቱ ውጤት ዋትሰን ሆቴል ላይ ይታያል። የብረት አጽሙ እንግሊዝ ተሠርቶ በመርከብ የመጣው ይህ ሕንጻ፣ በሐምሌ 1896 የሉሚየር ወንድማማቾች ፊልሞች በሕንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩበት ነው። በኋላ ኤስፕላናድ ማንሽን ተብሎ ለጠበቆች ቢሮና ለጥቃቅን ሱቆች ተሸነሸነ። በ2005 ከፊሉ ተደርምሶ ሰው ሞተ፤ በ2019 ነዋሪዎቹና ጠበቆቹ ወጡ። አንድ ወገን ይፍረስ ሲል ሌላው ይጠገናል አለ። ቅርስ የሚጠብቅ ሕግ አልጠፋም፤ ከ1995 ጀምሮ ሙምባይ ሕንጻዎቿን በደረጃ መድባ ያለ ፈቃድ እንዳይፈርሱ ከልክላለች። ሆኖም ይህ ሕግ አታፍርስ ይላል እንጂ ለኖራና ለአናጺ የሚከፈል አይሰጥም።

በ1999 የወጣው አዲስ የኪራይ ሕግ ባንኮችንና ትልልቅ ኩባንያዎችን ከጥበቃው አስወጣ። ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ኪራዩ በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ የሚሉትን አልደግፍም፤ እንዲህ ቢሆን የሚፈናቀሉት ሽማግሌዎችና ትናንሽ ነጋዴዎች ናቸው፣ ፎርትን ፎርት ያደረጉትም እነሱ ናቸው። አቅም የሌለው ነዋሪ የኪራዩን ልዩነት መንግሥት ይክፈልለት። ሱቁና ቢሮው የዘመኑን ኪራይ ይክፈል፤ ከዚያ ላይ የተወሰነው ድርሻ ለዚያው ሕንጻ ጥገና ብቻ በሕግ ይታሰር። በዚያው በፎርት የሚካሄደው የካላ ጎዳ የጥበብ ፌስቲቫል ገቢውን በአካባቢው ያሉ ቅርሶች ማደሻ አድርጎ ገንዘቡ ከሰፈሩ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል፤ ነገር ግን በዓመት አንዴ የሚመጣ ፌስቲቫል የአንድ ሰፈርን ጣራ ሁሉ አይሸፍንም። የሙምባይ ሕግ አውጪዎች የሚቀጥለው ሕንጻ በሰው ላይ ሳይደረመስ የኪራይ ሕጉን ይክፈቱት።